በኖራ የተሰመረች ክፍል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለወይዘሮ አሰለፈች፤
ድሬዳዋ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የአቃቂ ወንዝ ጉም ገና ከአሮጌው ሐዲድ ላይ ሳይነሣ፣ በልቤ ደጅሽ ድረስ መጥቼ፣ ጤናሽ እንደምን ነው? ጉልበትሽን የሚያምሽ ተሻለሽ ወይ? የዘንድሮ ሙቀትስ እንዴት ያደርግሽ ይሆን? እያልኩ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የቆየ ናፍቆት የተሸከመውን ሰላምታዬን አቀርብልሻለሁ። እኔ ዓይኔ ቢደክምም እጄ መስመር ሲያሰምር ገና ስላልተንቀጠቀጠ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

እስከ ዛሬ የተጻጻፍነው ሁሉ ስለ ጤናና ስለ በዓል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለታችንም ስሟን ሳናነሣ ስለኖርናት ስለዚያች የጓሮ ክፍል እጽፍልሻለሁ። ነገሩ እንዲህ ሆነ። ከዐረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ ሴቶች የሚያርፉበት ቤት በሰፈራችን ሊሠራ ስለታሰበ፣ እድራችን ንድፉን በነፃ እንድሠራ ጠየቀኝ፤ ቤቱን የሚያሠራው ማኅበርም ብዙ መከራ ላየ ሰው ቤት እንዴት እንደሚነደፍ ለአርክቴክቶች በሚሰጠው የአምስት ቀን ሥልጠና ላይ እንድገኝ ጋበዘኝ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ደብተር ይዤ ቃሊቲ ስመላለስ፣ ወጣቶቹ አርክቴክቶች «የክፍል አለቃችን» ብለው ሾሙኝ፤ ባለቤቴ በላይነሽም ማታ ማታ «የቤት ሥራዎን ጨረሱ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አስተማሪያችን እምነት የምትባል፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል አርክቴክት ናት። ሰው የረሳ የመሰለውን ገላው እንደሚያስታውስ፣ መጨረሻው የማይታይ መተላለፊያ፣ ሲዘጋ የሚጮኽ በር፣ ከራስ በላይ የተሰቀለ መስኮት የተጎዳን ሰው ሳይነኩት እንደሚያስደነግጡት ስትነግረን፣ እኔ ግን መሠረቱ ከጸናና ጣሪያው ካላፈሰሰ ቤት ሌላ ምን ይጠየቃል? እያልኩ በሆዴ እሥቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ሜዳ አወጣችንና የነደፍነውን ሁሉ በሙሉ ልኩ በመሬት ላይ በኖራ አሰመርነው። እኅቴ ሆይ፣ ነጩ መስመር በጤዛ በራሰው ሣር ላይ ተዘርግቶ፣ ፀሐይ በግድግዳዎቹ መካከል ያለ ከልካይ ስታልፍ፣ ወፎችም በሳሎኑ ሲመላለሱ ባየሁ ጊዜ፣ በሕልሜ ብቻ የማውቃት፣ ከአየር የተሠራች ቤት ፊቴ የቆመች መሰለኝ። ከዚያም በቤሩት ሁለት ዓመት ከውጭ በሚቆለፍ በር ኋላ የኖረች አማረች የምትባል ወጣት፣ እየገባች የተሰማትን እንድትነግረን ተጠየቀች። እኔ በነደፍኳት ክፍል በበሩ ገብታ ከአልጋው ምልክት ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። ያልገባት መስሎኝ፣ «ልጄ፣ ይህ የክብር ቦታሽ ነው፤ ከበር የራቀ፣ ከሰው ዓይን የተሰወረ፤ እኛ የምንወደውን ሰው ወደ ውስጥ ነው የምናስገባው» አልኳት።

እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ አክብረውኛል፤ ግን ከዚህ ሆኜ ማን እንደሚገባ አይታየኝም። እዚህ ከምተኛ ደጅ ላይ ድንጋይ ተንተርሼ ባድር ይሻለኛል» አለችኝ። ወዲያው ፈገግ ብላ፣ «ደግነቱ ግድግዳዎ ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም» አለችና መስመሩን ተራምዳ ወጣች። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ በሷ ፈንታ አንቺን አይቼ ነበርና።

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ኅዳር፣ ከአራት ዓመት እስራት ተፈትተሽ ስትመጪ፣ ማንም ዳግመኛ እንዳይነካሽ ብዬ በጓሮ በድንጋይ የገነባሁልሽን ክፍል፣ ከፍ ያለችውን ጠባብ መስኮት፣ እኔው ያሠራሁትን የብረት በር፣ በውስጠኛው ጥግ የዘረጋሁልሽን አልጋ አስታወስኩ። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በረንዳው አግዳሚ ላይ ተጠቅልለሽ ስናገኝሽ፣ በዚያ ብርድ «ጋሼ፣ ሞቆኝ ነው» ትዪኝ ነበር። እኔም የልፋቴን መናቅ ብቻ አይቼ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ድሬዳዋ ልትሄጂ ስትነሺ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ «ቤቴን የናቅሽ፣ ከእንግዲህ ደጄን አትርገጪ» አልኩሽ። አንቺም ጉልበቴን ስመሽ ተሳፈርሽ፤ ቃሌንም አክብረሽ እስከ ዛሬ አልረገጥሽም። ከእስር ቤት የወጣችውን እኅቴን፣ በገዛ ማስመሪያዬ፣ ከፍቅር ብዛት፣ መልሼ እስር ቤት እንዳገባኋት ለማወቅ ይህን ያህል ዘመንና አንዲት እንግዳ ልጅ አስፈለገኝ።

በዚያ ቀን ከቃሊቲ በእግሬ ተመለስኩ፤ ባቡሩ ከቀረ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሣር በዋጠው ሐዲድ ዳር ስሄድ የፉጨቱ ድምፅ ከሩቅ እየመጣ፣ አንቺም በመስኮቱ ብቅ ብለሽ የምታዪኝ ይመስለኝ ነበር።

የሴቶቹን ማረፊያ ንድፍ ከአማረች ጋር ተቀምጬ እንደ አዲስ ሠራሁት። ከዚያ ግንበኛውን ኦላናን ጠርቼ የጓሮዋን ክፍል አፈረስናት፤ እሱም ድንጋዩ አልነቀል ሲለው «ጋሼ፣ ይህን ሲገነቡ ታንክ ይመጣል ብለው ነው እንዴ?» ብሎ አሣቀኝ። አሁን እንደ አዲስ ሠርተናታል፤ መስኮቷ ቁጭ ላለ ሰው ግቢውን የሚያሳይ ሰፊ ነው፤ በሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ግቢው፣ አንዱ በቀጥታ ወደ በረንዳው። ሁለቱም የእንጨት ናቸው፤ መቀርቀሪያቸውም በውስጥ በኩል ብቻ ነው። አግዳሚውም እንደ ጥንቱ በቦታው አለ፤ እዚያ ማደር ብትመርጪ የሚጠይቅሽ የለም።

ያንን የጣቢያውን ቃሌን አንሥቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ምክንያትሽን ንገሪኝ አልልም፤ ነይ ብቻ።

ለልጅሽ ለፍቅርተማርያም፣ ለባለቤቷ ለተስፋሚካኤል፣ ለትንሿ ልጃቸው ለሚራክልም አጎታቸው ጉንጫቸውን እንደሳመ ንገሪልኝ። በላይነሽ፣ የምትወጂውን የተልባ ወጥ እንዳልረሳች ንገርልኝ ብላለች። አልጋሽም ተገዝቶ ሳሎን ውስጥ ቆሟል፤ የት እንደሚሆን ግን እኔ አልወሰንኩም፤ ኖራውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬልሻለሁ፤ መጥተሽ አንቺ አስምሪው።

ወንድምሽ ወልደገብርኤል
አቃቂ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.