ለብሮሞ የወረወርኩት ሽርጥ

ሐምሌ 4
ድንች ስቆፍር ዋልኩ። ጉም ነበር። ጎረቤቴ ሙርያሲ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች።
«እትዬ ንጋታሪ! ሰውየሽ ከቆላ ተመልሷል አሉ!»
«የቱ ሰውዬ?»
«ስንት ባል ነበረሽ ደግሞ? ሱዳርሞ ነዋ!»
ቆፈርኩ... ድንቹን ሁሉ በዶማ ቆራረጥኩት።

ሐምሌ 5
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት ለሰው የማይነገረውን ለወረቀት ልንገር ብዬ ነው፤ ልንገረው።
ከዓመታት በፊት እሳት የሚተፋው ተራራችን ብሮሞ ተቆጥቶ አመድ ሲያዘንብ ፈረሳችን ጠፋ። እናቴ መራመድ አትችልም። አዘልኳት... መንገድ ላይ ትንፋሿ ቆመ። ሱዳርሞ ቀድሞ ወርዶ ለመንደሩ ምን አለ? «ፈረሱ በርግጎ አመለጠ፤ ንጋታሪ በደንብ አላሰረችውም።» አመኑት። እስከ ዛሬ እናቷን ያስገደለች እባላለሁ። ፈረሱን እሱ እንደወሰደው ልቤ ያውቃል፤ ማየት ግን አላየሁም። አንዳንዴ እኔም... አስሬው ነበር?

ሐምሌ 9
ነገ የካሳዳ በዓል ነው። ሰው ሁሉ ለብሮሞ ጎመን፣ ድንች፣ ዶሮ ይዞ አፋፉ ላይ ይወጣና ወደ እሳቱ ጉድጓድ ይወረውራል። እኔ ጥቁሩን አውራ ዶሮ ሱዳርሞ ጥሎት በሄደው ሽርጥ ጠቅልዬ እወረውራለሁ። እሳቱ ጠረኑን ይወቀው። ከዚያ ራሱ ይፈልገው!
ሙርያሲ ሽርጡን አየችው። «ቂም ተይዞ ጸሎት...»
«ጎመንሽን ያዢ አንቺ።»

ሐምሌ 10
ክንዴ አርጅቷል። ውርወራዬ አጠረ!
ከአፋፉ በታች ችግረኞች መረብ ይዘው የሚወረወረውን ይቀልባሉ። የቀለቡት የተራራው ስጦታ ነው፤ ማንም አይቀማቸውም። የእኔን አንድ ሽማግሌ ቀለበው። ዶሮው አመለጠ፣ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ሽርጡን ዘረጋና ቀና አለ። ሱዳርሞ!
ሲያየኝ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አመዱ ከእግሩ ሥር ተናደ። እየተንሸራተተ የሽርጡን አንድ ጫፍ ይዞ ሌላውን ወደ ላይ ወረወረልኝ፤ ያዝኩት።
«ንጋታሪ፣ ሳቢኝ!»
«ፈረሱን ማን ወሰደው?»
«አሁን ይሄ ምን...»
ትንሽ ላላ አደረግኩለት።
«እኔ! እኔ ነኝ! አስረሽው ነበር፣ እኔ ፈታሁት!»
«ጮክ በል። እዚያ ማዶ ያሉት አልሰሙም።»
ደግሞ ጮኸ። መንደሩ በሙሉ ጸጥ አለ፤ የሚያጉረመርመው ብሮሞ ብቻ ነበር። ያኔ ሳብኩት።
ለምን ሳብኩት? አዝኜለት? ኧረ ወዲያ! የሞተ ሰው አያፍርም።

ሐምሌ 14
ሱዳርሞን ማንም ምድጃው ዳር አያስቀምጠውም። ዛሬ መንገድ ላይ ሙርያሲ፣ «ጋሼ፣ በእግርዎ ነው እንዴ? ፈረሱስ?» አለችው። ቤቴ እስክገባ ሳቄን አልቻልኩትም።
ማታ ሽርጡን አጥቦ አጥሬ ላይ ሰቅሎት ሄደ። ይቅርታ መጠየቁ ነው? ወለል ወለወልኩበት።
ከዚያ እናቴ መቃብር ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።
«እማ፣ አስሬው ነበር» አልኳት።