ኮሚቴና የመምህሯ ጥርስ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ቤቴ ባለው የጥርስ መሥሪያዬ ሥራ ብቻ። ጡረታ የወጡት የሙዚቃ መምህር ያዘዙት የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ዛሬ አለቀ። አሥራ አራት ጥርስ፣ አንድ በአንድ ሞርጄ... ረቡዕ መጥተው ይወስዳሉ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ወሩ ሲያልቅ ሊያከብሯቸው አዳራሽ ይዘዋል፤ እሳቸውም ሊዘፍኑላቸው ነው።
ኮሚቴ የሶፋውን ትራስ ቀደደ። ውሻችንን ኮሚቴ ያልነው ያልተጠራበት ሁሉ ስለሚገኝ ነው። ባለቤቴ ልጅነቱ ነው አለች። ሦስት ዓመቱ እኮ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ስልክ ላነሳ ዞር አልኩ... ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ኮሚቴ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ የመምህሯን ጥርስ ያላምጣል። ጥርስን በጥርስ ሲበላ አየሁ። የሠራሁት ድድ ለሁለት ተሰብሯል፤ ሦስት ጥርስ የለም።
መምህሯ በሰዓታቸው መጡ። ምን ይባላል? እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ አፋቸውን በመሐረባቸው ሸፍነው፣ "ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሰው ፊት አልሳቅኩም" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።
ወሰንኩ። የባለቤቴ ወንድም ለመጋዘኑ ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል። ይውሰደውና ይሰረው። ባለቤቴ ለኮሚቴ ራት አቀረበች፤ ለእኔ አላቀረበችም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
የዋጣቸው ጥርሶች ሆዱን እንዳይጎዱት ብለን የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰድነው። በራሳቸው ጊዜ ይወጣሉ አለች። አጥቤ መልሼ እንዳልተክላቸውም አስጠነቀቀችኝ።
ከዚያ ጥያቄ። በቀን ስንት ሰዓት ይራመዳል? ግቢ አለው አልኩ። ምን ይሠራል? ውሻ ደግሞ ምን ይሠራል? አልኳት።
"ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲባል አልሰማህም?" አለችኝ። "ይሄ ውሻ ባለጌ አይደለም። ሰልችቶታል።"
የእግር ጉዞ፣ ምግቡን ፈልጎ የሚያገኝበት ጨዋታ፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ትምህርት አዘዘችለት። መንገድ ላይ ባለቤቴ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ስጠው አለች። እሺ አልኩ። አዝኜለት ነው ወይስ ርቦኝ?

አርብ፣ የካቲት 7
የመጀመሪያ ጉዞ። ከቤት እስከ መድኃኒት ቤቱ አርባ ደቂቃ። ብቻዬን ብሆን አምስት ደቂቃ ነው። ሐኪሟ እንዳልጎትተው ነግራኛለች፤ ለውሻ ማሽተት ማንበብ ነው አለች። እውነት ከሆነ አንዱን የመብራት ምሰሶ ዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ በመጨረሻ እግሩን አንስቶ አስተያየቱን ሰጠ። የመድኃኒት ቤቱ ዘበኛ ማን ማንን ነው የሚያንሸራሽረው ብሎ ጠየቀኝ። እኔስ መች አወቅኩ...

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
በሳህን ማብላት ቀረ። በእንቁላል ካርቶን፣ በተጠቀለለ ፎጣ፣ በአሮጌ የጫማ ሳጥን... ባለቤቴ ትደብቃለች፣ እሱ ይፈልጋል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጭራው አላረፈም። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛ። ዝምታው ቢያስፈራኝ ሁለት ጊዜ ሄጄ መተንፈሱን አየሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
"ተው" የሚለውን ቃል እያስተማርኩት ነው። ሥጋ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከተወው የተሻለውን ከእጄ ያገኛል። ዛሬ ጠንከር አድርጌ "ተው" ስል፣ ከኋላዬ ሻይ ይጠጡ የነበሩት የባለቤቴ አባት ሦስተኛውን ማንኪያ ስኳር ቀስ ብለው ወደ ጣሳው መለሱ።
ኮሚቴ ሥጋውን በላው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ጥፋቱ የእኔ ነው። የመምህሯን አዲስ ጥርስ ላድርስ ብዬ ሦስት ቀን አላወጣሁትም። የሥራ ሽርጤን ቦጫጨቀው። የባለቤቴ ወንድምም ደወለ... ሰንሰለት ገዝቷል፣ መቼ ልምጣ አለኝ። ወሩ ይለቅ አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ኮሚቴ አገጩን እግሬ ላይ አስደግፎ ያየኛል።
ምን ታየኛለህ? ማሰሪያውን አነሳሁ። ወጣን።

አርብ፣ የካቲት 28
መምህሯ ሊሞክሩ መጡ። ኮሚቴን ላስወጣው ብል፣ ይቅር፣ ጠላቴን ልየው አሉ። ጥርሱን ከሳጥኑ ሳወጣ ከእጄ አመለጠ። መሬት... ኮሚቴ አፍንጫ ሥር።
"ተው" አልኩ።
ጥርሱን አየ። እኔን አየ። ምራቁ ጠብ አለ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ።
አጥቤ ገጠምኩላቸው። መስታወት አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዜማ ጀመሩ። ኮሚቴም አንገቱን ቀና አድርጎ አብሮ አላዘነ። አቋርጠው ሳቁ። መሐረቡ እጃቸው ላይ ነበር፤ ወደ አፋቸው አልወሰዱትም።
"ድምፅስ አለው" አሉ። "ተራ መጠበቅ ነው የቀረው።"

ሰኞ፣ መጋቢት 1
ትናንት መምህሯ ዘፈኑ። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔ ጥርሱ እንዳይነቃነቅ ስጠብቅ ዘፈኑን በደንብ አልሰማሁትም። አልተነቃነቀም።
የባለቤቴ ወንድም ዛሬ ልምጣ አለኝ። ውሻው እንደማይመጣ ነገርኩት። ምነው፣ ሞተ? አለ።
"ሥራ ይዟል" አልኩት።
ጠዋት ኮሚቴ ገና ተኝቶ ነበር። ማሰሪያውን ይዤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ... አላስቻለኝም። ቀሰቀስኩት።