የማይፈረፈር ዳቦ

ውድ እማ፣

ዛሬ አርባ አንደኛ ቀኔ ነው። በቀን አራት ቁራሽ የስንዴ ዳቦ እበላለሁ፤ ዶክተር ሲዳህመድ ያዘዘው ነው። አሥራ አምስት ቀን ይቀረኛል። ሆዴ እንደ ውሃ አቁማዳ ተነፍቷል፣ ፀጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል፣ በማስተምርበት ክፍል ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ግድግዳውን ተደግፌ ነው። ከሞትሽ አምስት ወር ሆነ። መቃብርሽ ጋ ብዙ ጊዜ መጥቻለሁ፤ ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ነው የምመለሰው። ቆሜ መናገር ስላቃተኝ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ከኦራን ዩኒቨርሲቲ የመጣሁበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ። የኬሚስትሪ ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ በሁለት ጓደኞቼ ተደግፌ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ከራስሽ እስከ እግርሽ የተጠቀለልሽበትን የመልሕፋሽን ጫፍ አፍሽ ላይ ይዘሽ ከላይ እስከ ታች አየሽኝና «ግማሽሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አልሽኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ቤት ስንገባ ግን ሻይ ልታፈዪ ብለሽ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ረጅም ጊዜ ቆየሽ።

የለሕቢብ እናት ልታየኝ የመጣችው በሳምንቱ ነው። ለልጇ ከታጨሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እኔ እየሰማሁ፣ ብርጭቆውን በእጇ እያዞረች፣ «ድንኳን የምትተክልልኝ ምራት ስጠብቅ ምሰሶውን አመጣችሁልኝ» አለች። ሦስተኛው ብርጭቆ ሳይቀዳ ተነሣች። ከሦስተኛው በፊት ከሻይ መነሣት ዝምድናውን መቁረጥ እንደሆነ ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ለሕቢብም በዚያው ቀረ። ጎረቤታችን እትዬ ንግያ እንኳ ነፋስ በተነሣ ቁጥር «ማሉማ፣ የልጅሽ ኪስ ውስጥ ድንጋይ ጨምሪላት» ትልሽ ነበር። የእሷስ ከፍቅር ነው፤ ልጇ ተክበር ስንዴ የማይስማማት፣ ሴሊያክ ያለባት ስለሆነች የእኔን መክሳት ከየት እንደመጣ ከሁሉም ቀድማ የጠረጠረችው እሷ ናት።

ወደ ጤና ጣቢያ የላከችኝም እሷው ናት። ዶክተሩ ደሜን ወደ ከተማ ልኮ ውጤቱ በመጣ ቀን አብረሽኝ ነበርሽ።

«ዳቦ ትበያለሽ?» አለኝ።

«ካቆምኩ ስድስት ወሬ ነው።»

«ማን አቁሚ አለሽ?»

«ሆዴ።»

ሳቀና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ሆድሽን ስትሰሚ ደምሽ ዝም አለ። ውጤቱ መሐል ላይ ነው የቆመው። አለብሽ ብዬም አልጽፍ፣ የለብሽም ብዬ አልጽፍ።» ከዚያ ነገሩን አስረዳን፤ ይህን በሽታ በደም ውስጥ የሚያሳየው ምልክት የሚኖረው ሰውየው ስንዴ እየበላ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ስምንት ሳምንት ዳቦ ልበላ፣ ከዚያ ከተማው ሆስፒታል ሄጄ በጉሮሮዬ ቱቦ ገብቶ ከአንጀቴ ቅንጣት ሥጋ ሊወሰድ። በሽታው እንዳለብኝ የሚል ወረቀት ከሌለኝ ደግሞ ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ለተክበር በየወሩ የሚመጣው የበቆሎና የሩዝ ዱቄት ለእኔ አይመጣም። እዚህ በረሃ ላይ፣ በስደተኞች ሠፈር፣ ከሚታደለው ስንዴ ሌላ ምን አለ?

አንቺ እስኪጨርስ ጠብቀሽ «የሚያሳምማትን አብዪያትና መታመሟን አያለሁ ነው የሚሉኝ?» አልሽው።

ዳቦዬን ለብቻ መጋገር ጀመርሽ። «መጠኑ እንዳይሳሳት ነው» አልሽ። ሁላችን ከአንድ ሳህን በምንበላበት ቤት የእኔ ብቻ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት አንቺም አትረሺያቸውም። ግንባሬን ይዘሽ ታስመልሺኛለሽ፣ ልብሴን ታጥቢያለሽ፣ ጠዋት እንደገና ዳቦ ታቀርቢልኛለሽ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሆዴ ጸጥ አለ።

እማ፣ አውቄ ነበር። ያልነገርኩሽ ይሄ ነው።

ዳቦውን ስቆርሰው ተፈረፈረ። የስንዴ ሊጥ ሲሳብ ይለጠጣል፤ የሚያለጥጠው ግሉተን ነው፤ እኔን የሚያሳምመኝም እሱ ነው። በቆሎ ያ የለውም፣ እጅ ላይ ይበተናል። ኬሚስትሪ መማርም አላስፈለገኝም፤ ጉልበቴ ላይ የፈሰሰው ፍርፋሪ በቂ ነበር። ቀና ብዬ አየሁሽ። ዓይንሽን ወደ ማንቆርቆሪያው መለስሽ። «ብዪ፣ ልጄ» አልሽኝ። በላሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስድስት ሳምንታት ያህል በየቀኑ አንቺ ታቀርቢያለሽ፣ እኔ እበላለሁ፣ ሁለታችንም ዝም። ጉንጬ ሞላ። እንቅልፍ ያዘኝ። ከሕመም ያረፍኩበትን ጊዜ በአንድ ቃል እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ስምንቱ ሳምንት ሲሞላ ዶክተር ሲዳህመድ «እንደታዘዝሽው በልተሻል?» ሲለኝ «በየቀኑ አራት ቁራሽ» አልኩት። ቁጥሩ እውነት ነበር።

ከሆስፒታሉ የመጣው ውጤት «መጠነኛ መቆጣት ይታያል፤ በሽታው ነው ለማለት አያበቃም» የሚል ነበር። ዶክተር ሲዳህመድ ካርዴ ላይ የመንፈስ ጭንቀት ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ እጮኝነቷ የፈረሰባት ብሎ ጨመረበት። «አንጀቴን ልታዩልኝ መጥቼ ትዳሬን መረመራችሁልኝ» ብዬ ጮህኩበት፤ ኮሪደር የነበረው ሰው ሁሉ ሰማኝ። አንቺ ክንዴን ይዘሽ አወጣሽኝ። እኔ የተበደልኩ ነበርኩ፣ እውነት ነው። ግን ውሸታምም ነበርኩ፣ ስጮህም አውቀው ነበር።

ከዚያ ያ የጋዝ ሲሊንደር መጣ። ከበሩ ወደ ምድጃው ስትጎትቺው ወደቅሽ፤ ከቁመትሽ ብቻ ነው የወደቅሽው፣ ዳሌሽ ግን ተሰበረ። ሆስፒታል ፎቶውን ያየው ሐኪም «አጥንቷ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ነው» አለኝ። አምሳ ሁለትሽ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ አንድ በአንድ የገጠመልኝ። ሳይወለዱ የቀሩብሽ አምስቱ። ከዳቦ በኋላ ሁልጊዜ ሆድሽ ላይ የምታሳርፊው እጅ፣ ስንጠይቅሽ «ንፋስ ነው» የምትይን። እየተሸረፈ ያለቀው ጥርስሽ። የእኔው በሽታ በአንቺም ላይ ነበር። ያንን ምርመራ ለእሷም አድርጉላት፣ ደሟን ውሰዱ አልኳቸው። ሐኪሙ ቀና ሳይል «የራስሽ ሳያልቅ የእናትሽን ጀመርሽ? ይኸ በሽታ ፋሽን ሆነባችሁ እኮ» አለኝ። ደምሽን አልወሰዱም። አንቺም ከአልጋው ላይ እጄን ጎትተሽ «ተይው በቃ፣ ሰው አታድክሚ» አልሽኝ። ለእኔ የተናገርሽው የመጨረሻው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞትሽ። አላህ ይማርሽ።

ከለቅሶው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ እትዬ ንግያ ዕቃሽን ልታስተካክልልኝ መጣች። ባዶ የዱቄት ከረጢት አንሥታ እያጠፈች ነበር።

«ስድስት ሳምንት ያህል ከተክበር ዱቄት ነው ስትጋግርልሽ የነበረው» አለችኝ። «መቼም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ለተክበር በቃት?»

«የወሩ መጨረሻ ላይ ከእኛ ጋር ስንዴ ትበላ ነበር። ታስመልስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰጧት?»

«ማሉማ ለምና ታውቃለች? በሠላሳ ዓመት አንዴ ብትለምነኝ እምቢ ልበላት?» ከረጢቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። «ለአንቺ የታዘዘውን ስንዴም አልጣለችውም። እዚያው ጋግራ ራሷ ትበላው ነበር። ዱቄት አይጣልም አለችኝ።»

ይህን አላውቅም ነበር፣ እማ። የእኔን አራት ቁራሽ፣ ከራስሽ ድርሻ ላይ ጨምረሽ፣ በየቀኑ አንቺ እንደበላሽው አላውቅም ነበር። ለእኔ በሽታ ማስረጃ የታዘዘው ስንዴ በአንቺ ሆድ ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ነበር፤ ያንቺን ደም ያየ ሰው ግን የለም። እናደድብሻለሁ። አዘንሽልኝና ማስረጃዬን አጠፋሽብኝ፤ ራስሽንም ጨመርሽበት። የራሴን ዝምታ ሳስብ ደግሞ ንዴቴን የማሳርፍበት አጣለሁ። አንድ ቀን «እማ፣ ይሄ ስንዴ አይደለም» ብልሽ ኖሮ ሁለታችንም እንድን ነበር ይሆን? አጥንት በስድስት ሳምንት እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ ተምሬያለሁ። ቢሆንም እጠይቃለሁ።

በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ዶክተር ሲዳህመድ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ስላመመኝ። እርስዎስ ጭንቀት ነው ብለው ለምን ጻፉ?»

«ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም።»

«አላውቅም ብለው ይጻፉ ነበር።»

ካርዴን አወጣና የጻፈውን መስመር በመስመር ሰረዘው። «እንደገና ስምንት ሳምንት ነው፤ አሁን ካለሽበት አቅም ይከብድሻል» አለኝ።

«ለእህቴ ለናና ስል እችለዋለሁ» አልኩት።

ናና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአምስቱ በኋላ ያገኘሻት። ዳቦ በልታ ስትጨርስ ሆዷ ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ ልክ እንደ አንቺ። ንፋስ ነው ትለኛለች፤ ቃሉን ከአንቺ ነው የወረሰችው። የእኔ ውጤት ከጠራ የእህት ወረቀት ስላላት ያለ ክርክር ትመረመራለች፣ ዶክተሩ ቃል ገብቶልኛል። እስከዚያ ግን እሷም ዳቦ ማቆም የለባትም፣ ደሟ እንደኔ እንዳይደበቅ። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ብዬ እንደምነግራት ብትኖሪ እጠይቅሽ ነበር። አንቺ ግን አትነግሪያትም ነበር፤ ዱቄቱን ነበር የምትቀይሪላት።

ትናንት ምሳ ላይ ዳቦዬን እሷ አመጣችልኝ። ቆረስኩት፤ ተፈረፈረ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከቤት።»

«ናና።»

«ተክበር ናት የሰጠችኝ። ከራሷ። እናቷ አላየችም» አለችና ጨርቁን ወደ እኔ ገፋችው። «እንደ እማ እንዳትሆኚ ብዬ።»

አልተቆጣኋትም። ፍርፋሪውን እንኳ ሳይቀር በጨርቁ መልሼ ጠቀለልኩት፣ እጇን ይዤ ተክበር ቤት ድረስ ሄድን፣ ራሷ መለሰችው። ከዚያ ተመልሰን የስንዴውን ዳቦ ፊቷ በላሁ፣ አራቱን ቁራሽ። ለነገ ካቦካሁት የስንዴ ሊጥ ጥቂት ቆንጥሬ ሰጥቻት «ሳቢው» አልኳት። ሳበችው፣ ተለጠጠ። «ይህ ስሙ ግሉተን ነው» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ለእኔም ለአንቺም ማንም አይቀይረውም። ሲያመኝ ደግሞ ንፋስ ነው አልልሽም። አመመኝ ነው የምልሽ። አንቺም እንደዚያው።»

«አሁን አመመሽ?»

«አዎ።»

«እኔንም» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሃምሳ ስድስተኛው ቀን ሲሞላ ወደ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። ከዚያ የሚመጣው ወረቀት አሁንም መሐል ላይ የቆመ ከሆነ ሌላ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፤ እሱም ካልገባው ሌላ። የጠራ ሲሆን ግን መቃብርሽ ጋ አምጥቼ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፣ ከስሜ በታች ያንቺን ስም በእጄ እጽፍበታለሁ። ማንም አልመረመረሽም፤ እኔ መርምሬሻለሁ።

የዛሬው አራተኛ ቁራሽ ከደብዳቤው አጠገብ አለ። አሁን እበላዋለሁ።

ሰው የምታደክመው ልጅሽ፣
ተስለም