እሌኒን ለመሆን ዐይን ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

ይድረስ ለተከበሩ ዶን ባልታሳር ጎዞን
የሳንታ ብሪሂዳ ከተማ የመስቀል ሰልፍ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና በየስብሰባው ከሚያነሡት የስፓኝ፣ የካስቲል ደምዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በገበያው በር ፊት ለፊት ምግብ ቤት ያለኝ ኮንሱዌሎ ኡይ፣ ከጉልበቴ ሕመምና ከእርስዎ ኮሚቴ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በምግብ ቤቴ በር፣ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በግል የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ስለጠፉ፣ ይኼኛው ቢጠፋ እንኳ አንብቦ የሚነግርዎ ሰው እንዳይታጣ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የልጅ ልጄን የፔርላን ይመለከታል። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በዘንድሮው የግንቦት ሰልፍ ንግሥት እሌኒን ሆና፣ መስቀሉን ይዛ፣ ንግሥታትን መስለው ከሚሄዱት ልጃገረዶች ሁሉ ኋላ የምትሄደው ልጅ በዕጣ ስትመረጥ፣ ዕጣውን ያወጡት እርስዎ፣ ስሟንም በድምፅ ማጉያ ያነበቡት እርስዎ ነበሩ። “ኡይ” የሚለው ቻይናዊ የቤተሰብ ስሟ ላይ ሲደርሱ የዓሣ አጥንት እንደወጋው ሰው ማሳልዎን ከተማው በሙሉ ሰምቷል። በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ እሌኒ “የካስቲል መልክ” ያላት ልትሆን ይገባል ሲል ወሰነ፤ ጸሐፊዎም ምግብ ቤቴ ድረስ መጥቶ የልጅቷን ዐይን በማስመሪያ ለካ። አልበቃም ተባለ። ዕጣውም፣ እንዴት ያለ መገጣጠም ነው፣ ለእህትዎ ልጅ ተላለፈ።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን፣ ጊዜዎን እንዳላባክን በቁጥር አድርጌ፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ፔርላን ባዶ እጇን ስላልመለሳችኋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከእሌኒነት ተነሥታ ንግሥተ ሳባ እንድትሆን ተፈቅዶላታል። ምክንያቱን ሲያስረዱ “ያው እሷም የውጭ አገር ሰው አይደለች እንዴ? ሳባን ስጧትና ይለቅ!” ማለትዎን፣ ክቡርነትዎ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሳባ አገር በየት በኩል፣ የአያቶቼ አገር በየት በኩል እንደሆነ ለኮሚቴው ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ከሳንታ ብሪሂዳ ድልድይ ወዲያ ያለው ሁሉ ለኮሚቴው አንድ ሰፈር ነውና። ብቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰኞ ዕለት እሌኒ እንድትመስል ፊቷን በፓውደር እንድታነጣ፣ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሳባን እንድትመስል በድስት ጥላሸት እንድታጠቁር ታዛለች። ንግሥተ ሳባ ንጉሥ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ያፋጠጠች ሴት ናትና፣ ጥላሸቱን ባታየው ለኮሚቴው ይሻለዋል። ጥላሸት አይቸግራችሁም። በድስቶቼ ቂጥ ለየአባሉ ፊት የሚበቃ አለ።

ሁለተኛ፤ ስለምንጠራበት ስም። ክቡርነትዎ እኛን የቻይና ዘር ያለንን ፊት ለፊት “ኢንቺክ”፣ ዞር ስንል ደግሞ “ኢንቺክ ቤሆ” እያሉ መጥራት ይወዳሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ በዚህ ስም እያለቀስኩ ወደ ቤት እገባ ነበር። አንድ ቀን አባቴ እየሳቀ እንደነገረኝ “ኢንቺክ” በእኛዎቹ ቋንቋ “አጎቱ” ማለት ነው፤ የዚህ አገር ሰዎች ያኔ ዘመዳሞች ሲጠራሩ ሰምተው የሕዝብ ስም መስሏቸው ቀረ። “ቤሆ” ደግሞ እርስዎ ከሚኮሩበት ከስፓኝ ቋንቋ የመጣ “ሽማግሌ” ማለት ነው። እንግዲህ ክቡርነትዎ አርባ ዓመት ሙሉ ሰደብኳት ብለው በሁለት ቋንቋ “ሽማግሌው አጎቱ” ሲሉኝ ኖረዋል። የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት መሆኔን ከቁም ነገር ካልቆጠሩት፣ ዝምድናውን በደስታ ተቀብያለሁ። ለገና መጥተው እንደ አገሩ ልማድ እጄን ግንባርዎ ላይ አድርገው ምርቃት መቀበል ግን እንዳይረሱ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቤተሰብ ስምዎ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። “ጎዞን የሚባል በማድሪድ ሞልቷል” ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን “ጎ” በአያቶቼ ቋንቋ አምስት፣ “ሱን” ደግሞ የልጅ ልጅ ማለት ስለሆነ፣ አምስተኛ የልጅ ልጅ የሚባል ባላባት በማድሪድ ምን ይሠራል ብዬ ተጨነቅሁ። ጭንቀቴ ሲብስ ቄሱን አስፈቅጄ የድሮውን የጥምቀት መዝገብ አየሁ። የቅድመ አያትዎ አባት “ጎ ሱን፣ ሻማ ሻጭ፣ ቻይናዊ” ተብለው ተጽፈዋል። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የእኔው ቅድመ አያት አለ፤ “ኡይ፣ ኑድል ሻጭ፣ ቻይናዊ” ይላል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ ተጠምቀዋል። በኋላ የመጣ የመዝገብ ጸሐፊ የእርስዎን ስም ገጣጥሞ ሲጽፈው ካስቲል አስመሰለው፤ የእኔ ስም አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ የሚገጣጥመው አጣ። በሁለታችን መካከል ያለው የዘር ልዩነት፣ ክቡር ሆይ፣ ይኸው ነው።

አራተኛ የሩዝ ሾርባው ነው። በየጠዋቱ በዶሮና በዝንጅብል የሠራሁትን አሮስ ካልዶ ሁለት ሳህን ጨርሰው፣ አፍዎን እየጠረጉ፣ “ካስቲል የገባሁ ነው የመሰለኝ፤ ይኼ የአያቶቼ ምግብ ነው!” ይላሉ። የአያቶችዎ መሆኑ እውነት ነው። ስሙን ያወጡለት ስፓኞች ናቸው፣ የሚበላው ከተማው ሁሉ ነው፣ የመጣው ግን በዚያው በሻማ ሻጩ ጀልባ ነው። ሾርባው የሦስት ሕዝብ ሆኖ ማንም ሳይለካው ሲዋጥ፣ ልጅቷ ለምን ጉሮሮ ላይ ትቀራለች?

አምስተኛውን ከመጻፌ በፊት ራሴን ልክሰስ፤ አለዚያ ምራቴ ሬሜዲዮስ ይህን በር ላይ አንብባ ትስቅብኛለች። በእኛም ቤት የዚህ አገር ሰው “ሁዋና” ይባላል፤ አረመኔ ማለት ነው። እናቴ ጎረቤቱን፣ ሐኪሙንና ጳጳሱን ሳይቀር እንዲህ ትል ነበር፤ የተወለደችው ግን እዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ልጄ ሬሜዲዮስን አገባለሁ ሲለኝ “ሁዋና በቤቴ አትገባም” ብዬ ጮኽሁ። ለሠርጉ ጥቁር ለበስኩ። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ስሟን ሳልጠራ “ያቺ” እያልኩ ኖርኩ። ፔርላ ስትወለድ ወደ ክፍሉ የገባሁት ዐይኗ የማን እንደሆነ ለማየት ነበር። ማስመሪያ አልያዝኩም እንጂ እኔም ለክቻለሁ። አፍራለሁ፤ ይህን በአደባባይ ስጽፍም እያፈርኩ ነው።

አምስተኛ፤ እኔም ለክቼ ስለነበር፣ ጸሐፊዎ ማስመሪያውን ሲያወጣ ከበሩ ላይ አላባረርኩትም። ልጅቷ ዐይኗን እንዳትጨፍን እየታገለች ቆመች። እሱ ሲሄድ “አማዬ፣ እኔ ምንድን ነኝ?” ብላ እኔን አያቷን ጠየቀችኝ። “ከተማው ውስጥ ኢንቺክ ይሉኛል፣ የአንቺ ዘመዶች ደግሞ ሁዋና ይሉኛል። ለየትኛው ሰልፍ ነው የምበቃው?” ለዐሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ መልስ ማጣት በዚህ ዕድሜዬ ከደረሰብኝ ሁሉ ከፋኝ። ሬሜዲዮስ ሦስት ሌሊት ሳትተኛ የሰፋችው የእሌኒ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ፔርላ ክዳኑን ልትከፍት አልፈለገችም።

ክቡር ሆይ፣ ለሌላው ሁሉ ይቅርታ እያደረግሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የልጅቷ ዕጣ ይመለስላት። እሁድ በራሷ ፊት፣ ፓውደርም ጥላሸትም ሳትቀባ፣ መስቀሉን ይዛ ትሂድ። የሚጠይቃት ካለ የሳንታ ብሪሂዳ ልጅ ናት ይበሉ። እኔ ይህን መልስ ለማግኘት ስልሳ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ ግን ብልህ ስለሆኑ ከዓርብ ስብሰባ አያልፍብዎትም።

ለረጅሙ ትዕግሥትዎ፣ ከዚያም ለሚረዝመው ንግግርዎ፣ ለቀጥተኛው አፍንጫዎና እሱን ላስገኙት ሻማ ሻጭ ሁሉ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ እጅ እነሣለሁ።

ሽማግሌው አጎትዎ፣
ኮንሱዌሎ ኡይ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሳምንት በቤተ ክርስቲያን ያለውን፣ የእሌኒን ጥንታዊ የዝሆን ጥርስ ሐውልት ለሰልፉ የማጠብ ተራው የእኔና የሬሜዲዮስ ነበር። ሐውልቱን የቀረጸው ባለሙያ የአያቶቼ አገር ሰው ኖሮ፣ የሚያውቀውን ዐይን ነው የቀረጸላት። ጸሐፊዎ ረስቶት የሄደውን ማስመሪያ ይዘን መሰላል ላይ ወጣን። የቅድስቲቱ ዐይን ከፔርላ ዐይን በሁለት ሚሊሜትር ይጠባል። ኮሚቴው ለሁሉም እኩል እንደሚፈርድ ስለማውቅ፣ እርስዎ በየእሁዱ ተንበርክከው የሚለምኗትን እሌኒን ከእሌኒነት የሚያነሣ ደብዳቤ ዓርብ እንዲፈርሙ እያሳሰብኩ፣ ጥላሸቱን ይዤ በር ላይ እጠብቃለሁ።