ያለ ሚስት ላጋቡኝ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል
የባሕር ዛፍ ሜዳ የነዋሪዎች አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ
የካ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በየስብሰባው ብዙ የሚደክመው ድምፅዎ እንዲጸናልዎ እኔም ባለቤቴም ማለዳ ማለዳ እንጸልያለን። «ባለቤቴ» የምትለዋን ቃል ያለ ፍርሃት ለመጻፍ የበቃሁት ግን በእርስዎ በጎ ፈቃድ ብዙ ከተንከራተትሁ በኋላ በመሆኑ፣ የደረሰብኝን ሕዝብ ይወቅልኝ ብዬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ስሜ ሚልኬሳ ይባላል። ቀበና በሚገኝ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መካከል ቆሜ ወፍራሙን ድምፅ እዘምራለሁ። እጮኛዬ የነበረችው ወንጌል፣ መሪ በሚባለው ሰፈር ባለ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሠርጋችን ለእሁድ ተቆርጦ፣ ድንኳን ተይዞ፣ ዘመድ ተጠርቶ ሳለ፣ መጋቢያችን «የሕግ ፊርማችሁን ወረቀት ሳላይ እጄን አልጭንባችሁም» ስላሉን፣ ሐሙስ ጠዋት ምስክሮቻችንን ይዘን ወደ ማዕከልዎ ዳገቱን ወጣን። ከምስክሮቹ አንዷ ወንጌልን ያሳደጓት አክስቷ እትዬ አሳየች ነበሩ። እትዬ አሳየች ገና ለሽማግሌ ከላክሁበት ቀን ጀምሮ «ዝምተኛ ወንድ አንድ የደበቀው ነገር አያጣም» የሚል ጽኑ እምነት እንደነበራቸው እዚህ ላይ መግለጽ ይኖርብኛል።

አንደኛ፤ ስላደረጉልን ክብር አመሰግናለሁ። እኛ እንደ ማንኛውም ተገልጋይ ፈርመን ልንሄድ ብንመጣም፣ እርስዎ ግን በዚያን ዕለት ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ለልምድ ልውውጥ በመጡ እንግዶች ወደተሞላው አዳራሽ አስገብተው ከፊት ወንበር አስቀመጡን። ማይክራፎኑን ነካ ነካ አድርገውም እንዲህ አሉ፦ «ክቡራን እንግዶች! የመዝገብ ሥርዓታችን ሥራ ላይ እንዳለ፣ ለአንዲት ቅጽበት ሳይቋረጥ፣ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲዛወር በዓይናችሁ ታያላችሁ። እነዚህ ሙሽሮች ጋብቻቸውን በአንደኛው ሰርቨር ጀምረው በሁለተኛው ይጨርሳሉ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ሊደረግበት እንደሆነ ሳያውቅ ያጨበጨበ የመጀመሪያው ዜጋ እኔ አይደለሁምና አላፈርሁበትም።

ሁለተኛ፤ የባለሙያን ምክር እንዴት እንደሚያስተናግዱ በዓይኔ እንዳይ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። የማዕከልዎ የኮምፒውተር ባለሙያ አቶ ሙክታር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን አውጥቶ «ክቡር ኃላፊ፣ አይሆንም፤ ባለፈውም ነግሬዎታለሁ» አለ። እንግዶቹ ግራ ሲጋቡ ወደ እነርሱ ዞሮ አስረዳ። «መዝገቡ ያለው ቨርቹዋል ማሽን በሚባል ነገር ላይ ነው። ሰርቨር በምንለው ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ተከራይ የሚኖር፣ ራሱን ግን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር የሚቆጥር ፕሮግራም ነው። የአሮጌው ሰርቨር አንጎል፣ ፕሮሰሰር የምንለው፣ ኢንቴል የሚባል ኩባንያ ሥራ ነው፤ የአዲሱ የኤኤምዲ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን አንዱ የሚያውቀውን ትእዛዝ ሁሉ ሌላው አያውቀውም። ማሽኑ ሲነሣ የትኛው ላይ እንዳለ አይቶ፣ ያንኑ ይዞ ነው ሥራ የሚጀምረው። እየሠራ ሳለ በድንገት ሌላው ላይ ብናወጣው፣ አዲሱ የማያውቀውን ትእዛዝ ይሰጥና ይወድቃል። አጥፍተን ካዛወርነው ግን እዚያ ሲነሣ አዲሱን አይቶ በዚያው ይሠራል። ሻያችሁን ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል።»

እርስዎ ግን ፈገግ አሉ። «አጥፍተን? አቶ ሙክታር፣ ማጥፋት የሚባል ቃል የአሠራር ለውጡ ከተተገበረ ወዲህ በዚህ ማዕከል የለም! ስንት ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተቻችለው በሚኖሩበት አገር ሁለት ፕሮሰሰሮች መግባባት አቃታቸው ብዬ ለእንግዶቼ ልንገራቸው?»

«ክቡር ኃላፊ፣ አለመግባባት ሳይሆን አሠራራቸው…»

«ይህ የቴክኒክ ችግር አይደለም፤ የአመለካከት ችግር ነው!»

እኔ እስከማውቀው ድረስ የቀበና ወንዝ በአመለካከት ለውጥ ተመልሶ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የፈሰሰበት ጊዜ የለም፤ ቢሆንም የጂኦግራፊ መጻሕፍት አሮጌዎች ናቸው ብዬ አፌን ያዝሁ። ዝውውሩ ሊጀመር ሲል ማሽኑ ራሱ ፕሮሰሰሮቹ አይጣጣሙም የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን አወጣ። እርስዎም «ማስጠንቀቂያውን ዝጋው» አሉት። ሙክታር «በእንግዶቹ ፊት ያዝዙኛል?» ሲልዎ «አዝዤሃለሁ» አሉ። ፍተሻው እንዲታለፍ አደረገና እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ፣ የሚፈነዳ ርችት አጠገብ እንደቆመ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሦስተኛ፤ ስላጋቡኝ አመሰግናለሁ። መዝጋቢዋ ወይዘሪት ፍቅርአዲስ መጀመሪያ እኔን «ወንጌልን ሚስትህ አድርገህ ለመቀበል ፈቅደሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በሙሉ ልቤ» አልሁ። ቁልፉን ስትጫን ስክሪኑ ላይ «ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በዚህ ጊዜ እርስዎ በእጅዎ ምልክት ሰጡ፤ ሙክታርም ዝውውሩን አስጀመረ። አረንጓዴዋ መስመር እየተንፏቀቀች ሄዳ ጫፍ ስትነካ «ተዛወረ!» ብለው ጮኹ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። በጭብጨባው መሐል ፍቅርአዲስ ወንጌልን ጠየቀቻት። ወንጌልም እስከ በሩ የሚሰማ «አዎ፣ ፈቅጃለሁ» አለች።

እንዳለመታደል ሆኖ ማሽኑ ብቻ አልሰማትም። ስክሪኑ ደረቀ፤ ከዚያም ሰማያዊ ሆነ፤ በላዩም ማንም የማያነበው ነጭ ጽሑፍ ተዘረገፈበት። አንድ እንግዳ በትሕትና «ይህ አዲሱ ገጽታ ነው?» ሲሉ፣ እርስዎ ዓይንዎን ሳያሹ «አዎን፣ ሰማያዊ የሰላም ምልክት ነው» ብለው ሁሉንም ወደ ምሳ መሯቸው። እንዲህ ያለ የመንፈስ መረጋጋት ለእኔም ቢሰጠኝ ክፍል ውስጥ ይጠቅመኝ ነበር።

ሙክታር ማሽኑን በአሮጌው ሰርቨር ላይ መልሶ ካስነሣ በኋላ ፍቅርአዲስ መዝገባችንን ከፈተችው። በእኔ ስም ትይዩ «ያገባ» ይላል። የሚስት ስም ከሚለው ትይዩ ምንም የለም። በወንጌል ስም ትይዩ «ያላገባች» ይላል። እንደገና ልትመዘግበን ስትሞክር ማሽኑ በቀይ «አመልካቹ በጋብቻ ላይ ስለሆነ ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይችልም» ብሎ መለሰላት።

እትዬ አሳየች መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«ከማን ጋር?» አሉኝ።

«ከማንም ጋር፣ እትዬ!»

«ማሽን ምን ቂም ይዞብህ ነው የሚዋሽብህ? ዝምታህስ ወዲህ ኖሯል!» ብለው ወንጌልን በክንዷ እየጎተቱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ወንጌል ዞር እያለች ትስቅልኝ ነበር። ነገር ግን እትዬ አሳየች ታክሲው ውስጥ ሆነው ለዘመድ ስልክ መደወል ጀመሩ። በዚያው ምሽት ጅማ ሚስት እንዳለችኝ በዘመድ ሁሉ ዘንድ ተሰማ፤ አርብ ጠዋት ደግሞ ከእርሷ ሁለት ልጆች ወለድሁ። አንደኛው ቁርጥ እኔን ነው አሉ።

አራተኛውን ምስጋና ባለቤቴ «ተማሪዎችህ ያነቡታል» ብላ ስለሰረዘችው ወደ አምስተኛው እሻገራለሁ።

አምስተኛ፤ አርብ ጠዋት ከወንጌል ጋር ቢሮዎ ድረስ ስንመጣ ስለሰጡን ጥበብ የተሞላበት ምክር አመሰግናለሁ። ሙክታር በእርስዎ ትእዛዝ ያንኑ ዝውውር ደጋግሞ ሲሞክር፣ ማሽኑም ሲወድቅ ሲነሣ ነበር ያደረው። መዝገባችን እንዲታረም የእርስዎ ፈቃድ ብቻ እንደሚያስፈልግ ፍቅርአዲስ ነግራን ነበር። እርስዎ ግን «ዝውውሩ ያለ አንዳች መቋረጥ ተሳክቷል ተብሎ ሪፖርት ሄዷል። መዝገባችሁ ተቋርጦ ነው የተበላሸው ብዬ ብፈርም ራሴን በራሴ ውሸታም አደረግሁ ማለት አይደለም?» አሉን፤ የጥያቄውን መልስ ከአክብሮት የተነሣ ዋጥሁት። ከዚያም መፍትሔ ሰጡን።

«ፍቺ ያስመዝግቡና እንደገና ያግቡ» አሉኝ።

«ማንን ልፍታ?»

«ባለቤትዎን። በአካል ይዘዋቸው ይምጡ።»

«የለችም።»

«ከሌሉ መጥሪያ ይላክላቸዋል። አድራሻቸው የት ነው?»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት ጊዜ ባቆም ይቅር ይበሉኝ። ከቢሮዎ ወጥተን ግቢው ውስጥ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ተቀመጥን። ወንጌል ሐሙስ ስትስቅ የነበረችው ልጅ አልነበረችም። ሌሊቱን ሙሉ የአክስቷን ልቅሶ ስትሰማ አድራለች፤ ጠዋት ደግሞ የመድኃኒት ቤቱ ሰዎች ሳይቀሩ አይዞሽ ብለዋታል። መሬት መሬት እያየች «ሚልኬሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅህና ሁለተኛ አላነሣውም። እውነት ማንም የለም?» አለችኝ።

የተጠየቅሁት በእርሷ አፍ ነውና ልቆጣ ዳዳኝ። ግን ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች ትዝ አለኝ።

«ከአንቺ ሌላ ማንም የለም። ኖሮም አያውቅም» አልኋት።

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሣችና «በቃ። እንግዲህ ወረቀቱን ለእኔ ተወው» አለች።

በዚያው ቅጽበት፣ በመላው ሰፈር፣ መብራት ጠፋ።

ስድስተኛው ምስጋናዬ ለዚህ ነው፤ ምንም እንኳን በዚህ የእርስዎ እጅ ባይኖርበትም። የማዕከሉ ጄኔሬተር እንደ ልማዱ አልተነሣም፤ የሰርቨሩ ባትሪም ጥቂት ጮሆ ጸጥ አለ። እርስዎ ለመናገር የተጸየፉትን ያንን ቃል መብራቱ ያለ ስብሰባ ፈጸመው። ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ሙክታር ማንንም ሳያስፈቅድ የጠፋውን ማሽን እንደጠፋ ወደ አዲሱ ሰርቨር አዛውሮ አስነሣው። ማሽኑም አንድ ጊዜ እንኳን ሳይደናቀፍ ሥራውን ቀጠለ። ሙክታር አልፎከረም፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

ወንጌል ግን ቀጥ ብላ ወደ ቢሮዎ ገባች። «ክቡር ኃላፊ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ዝውውሩ ተሳካ» አለችዎ። ፊትዎ በራ። «አንዲት ነገር ብቻ አሳሰበችን። የእኛ መዝገብ የተበላሸው መብራት ስለጠፋ ይሆን?»

ሐሙስ የተበላሸ መዝገብ አርብ በጠፋ መብራት እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል እኔ የኬክሮስና የኬንትሮስ መምህሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለእርስዎ ግን ወዲያው ገባዎት። «መብራት ነው! እኔስ ምን አልሁ!» ብለው ፈቃዱን በሚያምር ፊርማ አጸደቁልን። እንዲህ ባለ ፍጥነት የሚሠራ ሰው እንዳለን ባውቅ ኖሮ መብራቱን ቀደም ብዬ በጸሎት አስጠፋው ነበር።

እትዬ አሳየች በዘመድ ልመና ተመልሰው ለምስክርነት መጡ። «የሚስት ስም፦ ወንጌል» የሚለውን በጣታቸው እየተከተሉ ደግመው ደጋግመው አነበቡ፤ ከዚያም ፈረሙ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። እሁድ ግን መጋቢያችን እጃቸውን ጭነውብን ከተመለስን በኋላ፣ በድንኳኑ ውስጥ ወደ እኔ መጥተው በሕይወቴ ጎርሼ የማላውቀውን ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። ይቅርታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ዓይኔ እንባ ያቀረረው ግን ከደስታ ይሁን ከመታነቅ አላወቅሁም። ወንጌል ጀርባዬን እየመታች ውሃ አጠጣችኝ፤ ትዳራችንም በዚህ ሁኔታ ተጀመረ።

ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድሁብዎ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜዎ እንደ እንጦጦ ጋራ እንዲረዝም፣ ሥልጣንዎም እንደ ክረምት ጭጋግ ከላያችን እንዳይለይ እመኛለሁ።

የውለታዎን ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ያላገኘሁት፣ በሕግም በእግዚአብሔርም ፊት የአንዲት ሚስት ባል የሆንሁት ትሑት አገልጋይዎ፣

ሚልኬሳ ዋቅጅራ
የጂኦግራፊ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ከማውጣቴ በፊት በግቢዎ በር ላይ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ልከትተው መጥቼ ነበር። ዘበኛው ግን ሣጥኑ ከተሰቀለ ጀምሮ ተከፍቶ ስለማያውቅ ንብ ሰፍሮበታል ብሎ መለሰኝ። ቀርቤ ባዳምጥ እውነቱን ነው። በማዕከልዎ ውስጥ ያለ ግምገማ የሚሠሩትን፣ ያለ ዕጣም ቤት የደረሳቸውን ብቸኛ ነዋሪዎች ማወክ ስላልፈለግሁ በሌላ መንገድ ጻፍሁልዎ።