«አይሸጥም» የተባለው ማራችን

ይድረስ ለተከበሩ የምርት መለያ ቁጥር ሰጪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም «ሲስተም የለም» የሚባልለት ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰንብተዋል? በሰቆጣ ዙሪያ በማኅበር የተደራጁት ሃያ ስምንቱ ሴት ንብ አርቢዎች ደኅና ናቸው። ጸሐፊያቸው የነበርሁት እኔም ከኀፍረት በስተቀር ደኅና ነኝ።

ማራችንን በኢንተርኔት ገበያ ለመሸጥ ብልቃጡ ላይ ባርኮድ፣ ማለትም በስልክ የሚነበበው ባለመስመር ቁጥር፣ ያስፈልጋል ስለተባልን ለመሥሪያ ቤትዎ ካመለከትን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማመልከቻ በድረ ገጽ ብቻ እንዲሆን ስለወሰኑ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ በመውጣት ጉልበታችን ጠንክሯል።

ሁለተኛ፣ ባርኮድ ለመስጠት ምርቱ ገበያ ላይ መዋሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠየቁን፤ ገበያው ደግሞ ባርኮድ የሌለውን አላስገባም አለ። በሁለታችሁ መካከል ስንመላለስ ማሩ ረጋ።

ሦስተኛ፣ በአካል ቅረቡ ስለተባልን በወልድያ በኩል ሁለት ቀን ተጉዤ ስደርስ፣ ቀፎዎቹ ያሉበትን የቤት ቁጥር እንዳመጣ በፍጹም ትሕትና ተነገረኝ። ንቦቹን ጠይቄ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

አራተኛው ግን የእርስዎ ሳይሆን የእኔ ነው፤ ቀልዴም እዚህ ላይ ያልቅብኛል። ባዶ እጄን መመለስ አፈርሁ። ስለዚህ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ከሚታደል ምግብ ባዶ ከረጢት ላይ ባርኮዱን ወስጄ፣ በማራችን ስም ማተሚያ ቤት አሳተምሁት። ቁጥር ቁጥር ነው፣ ማን ያነበዋል ብዬ ነበር። ለሴቶቹ ቁጥራችን ወጣ አልኋቸው። እልል አሉ። ከሁሉም ታላቅ የሆኑት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ወረቀቱን ሳሙት።

የገበያው መጋዘን ሠራተኛ ግን አነበበው። ስልኩ ላይ «በነጻ የሚታደል የእርዳታ ምግብ፤ አይሸጥም» የሚል ወጣ። ማሩ በሙሉ ተመለሰ፤ የማኅበሩም ስም ከገበያው ተሰረዘ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የማሩ ገንዘብ የዘገየው መንገድ ተዘግቶ ነው እያልሁ ሴቶቹን ዋሸሁ። ባለፈው እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ሰብስቤ እውነቱን ነገርኋቸው። የተቆጣኝ የለም። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ብቻ ብልቃጡን አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ ለእርዳታ ስንዴ ስሰለፍ ነው ያረጀሁት። አንድ ነገር የራሴ ነው ብዬ ብሸጥ፣ እሱንም እርዳታ አልኸው?» አሉኝ።

ከዚያ ዕለት ወዲህ እርስዎን ለመውቀስ እንኳ ቀና ማለት አቅቶኝ፣ ይህን ደብዳቤ አቀርቅሬ ነው የምጽፈው። ጥፋቱ የአንድ ሰው ነውና ቅጣቱን በእኔ ስም መዝግበው፣ ለሴቶቹ እውነተኛውን ቁጥር እንዲሰጡልኝ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

መልስዎን የልጅ ልጆቻችን እንደሚያነቡት በመተማመን፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

ወንዳወቅ ምሳው
እስካለፈው እሑድ የማኅበሩ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደብዳቤው ጋር አንድ ብልቃጥ ማር ይደርስዎታል፤ የላኩልዎ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ናቸው። ጉቦ እንዳይመስልዎ። ባርኮዱን ቢያስነብቡት ለተቸገረ የሚታደል ነው ይላል፤ እሳቸውም ብዙ አስበው ከራሳቸው የባሰ ተቸግሮ ያገኙት እርስዎን ነው።