በባልዲ የወረደው ዛፍ ቆራጭ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር ፳፫ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአዳሙ እንዳላማው
አዲስ አበባ

ከሄድህ ወዲህ ክረምቱ አልፎ ጤፉም ለአጨዳ ደርሷል፤ አንተ እንዴት ከርመሃል? እኔና እናትህ ስሜነሽ አምላክ አልረሳንም፣ አለን። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ገበያ ዳር ከሚቀመጠው ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። ብዕሩን ነክሮ «እሺ፣ ምን ልበል?» ሲለኝ ላብ አጠመቀኝና «ሌላ ቀን» ብዬው ተነሣሁ። ልጅ ሳለሁ ዲማ ገዳም የቆጠርሁትን ፊደል ይዤ እየተንገዳገድሁ ስለሆነ፣ ብትስቅብኝ አይከፋኝም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ አለቃህ ጀምበሩ ነው። ያየውን ለማንም እንደማይተነፍስ ምሎልኛል፤ ጨዋ ሰው ነው። እሱ ዝም ቢል ግን የማርቆስ ሰው ዝም አይልም። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔው ስማው ብዬ ነው።

ያ ሰውን በባልዲ አቅፎ ክንዱን ወደ ሰማይ የሚዘረጋው መኪናችሁ፣ አንተንም ከቤቴ ይዞብኝ የሄደው፣ በጥቅምት መጨረሻ ተመልሶ መጣ። ከመብራቱ ሽቦ ሥር ያለውን ባሕር ዛፍ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ላጨው። አንተ አብረህ የመጣህ መስሎኝ ሁለት ቀን በሩቅ ቆሜ አየሁ። እንዳልመጣህ ሳውቅ ንዴቴን በመኪናው ላይ ተወጣሁ። ጠላ ቤት ተቀምጬ «በባልዲ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ወንድ ልጅ በእጅ በእግሩ ይወጣል» አልሁ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቃቸውን ወደድሁት፣ በማግሥቱም ደገምሁት።

በዚያው ሰሞን የሚካኤልን ትልቁን ጽድ ንፋስ ከወገቡ በላይ ሰንጥቆት ወደ ቤተ ልሔሙ አዘነበለ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጀምበሩን ሊለምኑ ሲነሡ መንገድ ላይ ጠብቄ «እኔ ቆሜ ሳለሁ ማሽን ቅጥር ግቢ ሊገባ ነው? ይህን ዛፍ አባቴ ከርክሞታል፣ እኔም ከርክሜዋለሁ» አልኋቸው። እሳቸውም አመኑኝ። አየህ፣ ሰው ሲያምንህ እንዴት እንደሚከብድ!

ጫማዬን አውልቄ፣ አማትቤ፣ እንደ ልማዳችን ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ አንኳኩቼ ሆዱን ሰማሁ። ደህና ነበር። ክፉው የእኔ ሆድ ነው። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ ስደርስ ግንዱን አቅፌ ቀረሁ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሆነልኝ። መጫኛውን፣ የመውጫ ገመዴን፣ ወደ ላይ ወርውሬ እንዳላሥር እንኳ እጄ ከግንዱ አልላቀቅ አለ።

መሪጌታ ከታች «እንዳላማው፣ ምን ሆንህ?» አሉኝ።

«ስንጥቁን እየመረመርሁ ነው» አልሁ።

ፀሐይዋ ከትከሻዬ ወደ ራሴ እስክትዞር ድረስ መረመርሁ። መጨረሻ ላይ መሪጌታ «ልጄ፣ ይህ ምርመራ ፍርድ ቤት ሳይደርስ አይቀርም» ሲሉ ቆሞ የነበረው ሕዝብ ፈነዳ። እኔ ግን በግንዱ ላይ አልቅሻለሁ።

ጀምበሩን ጠሩት። መኪናው በበሩ አልገባ ስላለ የድንጋዩን አጥር ናዱለት። ማሽን አይግባ ላልሁት ለእኔ ሲባል አጥር ፈረሰ። ባልዲው አጠገቤ ሲደርስ ጀምበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ፣ እኔም መጀመሪያ የወጣሁ ቀን በፍርሃት ደርቄ ነው የወረድሁ። ዓይንዎን ይጨፍኑና እጅዎን ለእኔ ይስጡኝ» አለኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከግንዱ አላቀቃቸው። መሬት ስነካ ጠላ ሻጯ ብዙዬ «አያ እንዳላማው፣ ውሃ ሆንህ እንዴ?» አለች። ጀምበሩ ተመልሶ ወጥቶ ጽዱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰው፤ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ ቤተ ልሔሙን አልነካችም።

አጥሩን ሦስት ቀን ድንጋይ ተሸክሜ መልሼ ካብሁት። ጀምበሩ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያግዘኝ ነበር፤ አንተን ያነሣልኝ ያኔ ነው። ባልዲ ውስጥ ገብተህ እንኳ መጫኛህን ወገብህ ላይ እንደምታሥር፣ ጫፉንም ታች ላለው ሰው ሰጥተህ «ይዘሃል?» ሳትል፣ እሱም «ይዣለሁ» ሳይልህ እንደማትነሣ ነገረኝ። ባልዲው የራሱ የማሠሪያ ጠፍር አለውና ጓደኞችህ ይስቁብሃል አሉ። አንተም «አባቴ ይዞኝ ነው ዛሬ ያለሁት» ትላቸዋለህ አሉ።

አዳሙ፣ ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ።

እስከ አሁን የጻፍሁት ሁሉ ወደዚህ ለመድረስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የይጁቤ መንገድ ላይ ካለው ወርካ ላይ ቅርንጫፍ ከድቶኝ ለጥቂት ሳልወድቅ ቀረሁ። ማንም አላየኝም። ከዚያ ወዲህ ዛፍ መውጣት ፈራሁ። «ልጄ ሥራውን ይልመድ» እያልሁ አንተን ያወጣሁህ ስለዚህ ነው። ባለፈው ሰኔም ዝናቡ ገና ሳይደርቅ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ባሕር ዛፍ ያስወጣሁህ ስለዚህ ነው። ከላይ «ይዘሃል?» አልኸኝ። «ይዣለሁ» አልሁህ። እግርህ ሲያዳልጥህ ግን መጫኛውን ለቅቄ ዓይኔን በሁለት እጄ ሸፈንሁ።

አልያዝሁህም ነበር ልጄ። መጫኛው ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ጉቶ ላይ ተጠምጥሞ ነው አንተን ያቆመህ። ዓይኔን ስገልጥ ተንጠልጥለህ አየሁህ፤ ወደ ታች ሳታይ ጫፉን መልሼ ጨበጥሁ። ወርደህ አንገቴን አቅፈህ ሳምኸኝ። ያ መሳምህ እሳት ሆኖ አቃጠለኝ። «አባዬ፣ ከመኪናው ሰዎች ጋር ልሥራ» ስትለኝ በሰው ፊት «ፈሪ! ወንድ የወለድሁ መስሎኝ ነበር» ያልሁህ ዓይንህን ማየት አቅቶኝ ነው። ፈሪው ማን እንደነበረ አሁን ታውቃለህ።

እናትህ ይህን አታውቅም። ጻፍልኝ ብላ የነገረችኝ ከጀምበሩ ጋር የላከችልህን በሶ በውሃ በጥብጠህ እንድትጠጣና ብርድ እንዳይመታህ ነው። ላሟ ወልዳለች። እኔ ዛፍ መውጣት ትቻለሁ፤ ለሰዉም እንደተውሁ ነግሬዋለሁ፣ ምክንያቱን ግን ገና አልነገርሁም። አንተ ካነበብህ በኋላ ለእናትህ እነግራታለሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያ በአንተ እጅ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። «አባቴ ይዞኝ ነው» ብለህ ለሰው አትንገር፣ መጫኛህን ማሠር ግን አትተው። ከታች ያለው ሰው «ይዣለሁ» ሲልህም ድምፁን አትመን፤ ጎንበስ ብለህ እጁን እይ።

ጀምበሩ በጥር ለቀረው መስመር እንመለሳለን ብሎኛል። ከመጣህ ከባልዲው ሥር እቆማለሁ። አንተ ሳትጠይቀኝ አልይዝም። ከጠየቅኸኝ ግን፣ እጄን አይተህ ጠይቀኝ።

ከፍ ባልህበት ሁሉ ሚካኤል ከሥርህ ይሁን፤ እሱ እንደ እኔ ዓይኑን አይሸፍንም።

አባትህ
እንዳላማው